የፎርዝ ድልድይ ጉዳይ፦ ሳተላይት ያየውና ያላየው

በዲሴምበር 2015 መጀመሪያ ላይ ስኮትላንድ ውስጥ አንድ ትልቅ ድልድይ በድንገት ተዘጋ። ኤድንብራን ከፋይፍ ጋር የሚያገናኘው የፎርዝ መንገድ ድልድይ ነው። በቀን ወደ 70 ሺህ የሚጠጋ ተሽከርካሪ ይሻገርበት ነበር። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ሌሊት ሌላ መንገድ ፈልግ ተባለ። (ዘመኖቹን በሙሉ የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ምክንያቱ ስንጥቅ ነበር። ከመንገዱ ወለል በታች፣ በሰሜኑ ማማ አጠገብ ያለ አንድ አያያዥ ብረት ተሰንጥቋል። የስንጥቁ ስፋት 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ርዝመት ያለው ድልድይ የተዘጋው በዚህች ምክንያት ነው። ያገኙትም ድልድዩን እየዞሩ የሚመረምሩ ሰዎች ናቸው፤ በዓይናቸው አይተው።

ጉዳዩን እንድጽፍበት ያደረገኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያው ጊዜ ድልድዩ ላይ የሳተላይት መቀበያዎች ተተክለው ነበር። የድልድዩን እንቅስቃሴ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ እየለኩ ይመዘግባሉ። ታዲያ ለምን ቀድመው አልተናገሩም? ጥያቄው ተገቢ ነው። ሳተላይት ድልድይን ይጠብቃል የሚል ዜና ያነበበ ሰው ሁሉ ሊጠይቀው ይገባል። መልሱን ለማግኘት ግን መጀመሪያ ድልድዩን ራሱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ድልድዩ የተከፈተው በሴፕቴምበር 4 ቀን 1964 ነው፤ መርቀው የከፈቱትም ንግሥት ኤልሳቤጥ ነበሩ። ተንጠልጣይ ድልድይ ነው። ሁለት ወፍራም ኬብሎች ከዳር እስከ ዳር ተዘርግተው በሁለት ማማዎች ጫፍ ላይ ያልፋሉ፤ መንገዱ ደግሞ ከኬብሎቹ በሚወርዱ ቀጫጭን ገመዶች ተንጠልጥሏል። በሁለቱ ማማዎች መካከል ያለው ርቀት 1006 ሜትር ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ በአባይ በረሃ በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የህዳሴ ድልድይ ጠቅላላ ርዝመቱ 303 ሜትር ነው። የፎርዝ መሃሉ ብቻ ከዚያ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ሲከፈት ከአሜሪካ ውጭ ካሉት ተንጠልጣይ ድልድዮች ሁሉ ረጅሙ ነበር።

ዘመኑ ግን ተቀየረ። በ1964 በብሪታንያ መንገድ ላይ የሚፈቀደው ትልቁ የጭነት መኪና 24 ቶን ነበር። በኋላ 44 ቶን ደረሰ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዓመት አራት ሚሊዮን ገደማ ተሽከርካሪ ነበር የሚያልፈው። ከ2000 ወዲህ ግን ከ20 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ድልድዩ ያው የድሮው ነው፤ ሸክሙ ግን ሌላ ሆኗል።

በ2004 ደግሞ ሌላ መርዶ መጣ። መሐንዲሶች ዋናዎቹን ኬብሎች ከፍተው አዩ። እያንዳንዱ ኬብል 11,618 የብረት ሽቦዎች አንድ ላይ ተጠቅጥቀው የተሠራ ነው። ከላይ ቀለም ተቀብቶና ተጠቅልሎ ደህና ይመስላል። ውስጡ ግን እርጥበት ገብቶ ዝጓል። የተበጠሱ ሽቦዎችም ተገኙ። ኬብሎቹ ከነበራቸው ጥንካሬ ከ8 እስከ 10 በመቶ እንዳጡ ተገመተ። ዝገቱ በዚሁ ከቀጠለ ድልድዩ ለከባድ ተሽከርካሪዎች መዘጋቱ አይቀርም የሚል ስጋት ተነሣ። አጠገቡ አዲስ ድልድይ ይሠራ የሚለው ውሳኔ የመጣውም ከዚህ ስጋት ነው። እስከዚያው ዝገቱን ለማቆም ደረቅ አየር በኬብሎቹ ውስጥ እየተነፋ እርጥበቱን እንዲያወጣ ተደረገ። ሽቦ ሲበጠስ ድምፁን የሚይዙ መሣሪያዎችም ከ2006 ጀምሮ ተገጠሙ።

የሳተላይቱ ታሪክ የሚጀምረው በዚህ ጭንቀት መሃል ነው። በፌብሩዋሪ 2005 የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጂፒኤስ መቀበያዎች ይዘው መጡና በድልድዩ በተለያዩ ቦታዎች ላይ አሰሩ። ወደ ሁለት ቀን ለሚጠጋ ጊዜ ያለማቋረጥ ለኩ። ከመካከላቸው ጌቲን ሮበርትስና ዢያኦሊን ሜንግ በዚህ ሙያ ስማቸው የታወቀ ነው። ከዚያ በፊትም እንግሊዝ ውስጥ ባለው ሀምበር በተባለው ተንጠልጣይ ድልድይ ላይ ተመሳሳይ ሙከራ አድርገው ነበር።

ብዙ ሰው ድልድይ ከተንቀሳቀሰ አደጋ መጥቷል ብሎ ያስባል። ተንጠልጣይ ድልድይ ላይ ነገሩ እንዲያ አይደለም። እንዲንቀሳቀስ ተደርጎ ነው የተሠራው። ሙቀት ሲጨምር ብረት ይረዝማል። አንድ ሺህ ሜትር ብረት በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል። ኬብሉ ሲረዝም ደግሞ መሃሉ ይወርዳል፤ የሚወርደውም ከረዘመው በላይ ነው። ነፋስ ወደ ጎን ይገፋዋል። መኪና ወደ ታች ይጫነዋል። የሚያሳስበው እንቅስቃሴው ከለመደው የተለየ ሲሆን ነው። የለመደውን ለማወቅ ግን ለረጅም ጊዜ መለካት ያስፈልጋል።

ታዲያ በምን ይለካል? አክሰለሮሜትር የሚባለው መሣሪያ መንቀጥቀጥን በደንብ ይይዛል። ቀስ ብሎ የሚመጣን ለውጥ ግን አያውቀውም። ድልድዩ ከጠዋት እስከ ቀትር በሙቀት ምክንያት ሃያ ሴንቲ ሜትር ቢወርድ አክሰለሮሜትሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ነው የሚቆጥረው። ቀያሾች የሚጠቀሙበት በብርሃን የሚለካው መሣሪያ ደግሞ ዒላማውን ማየት አለበት። ፎርዝ ላይ ከሰሜን ባሕር የሚገባ ጉም አለ። ጉሙ ሲወርድ ማማው ራሱ አይታይም። የሳተላይት ሲግናል የሬዲዮ ሞገድ ስለሆነ ጉምም ሆነ ጨለማ አያግደውም። ቀርፋፋውንም ፈጣኑንም እንቅስቃሴ በአንድ መሣሪያ ይለካል። ለተንጠልጣይ ድልድይ ተመራጭ የሆነውም በዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ ሊያቆመኝ ይችላል። ስልኬ ላይ ያለው ጂፒኤስ እኮ በአምስት ሜትር ይሳሳታል፤ እንዴት ብሎ የድልድይን ሴንቲ ሜትር ይለካል?

ሁለት ነገሮች ልዩነቱን ያመጣሉ። አንደኛው ሞገዱን ራሱን መለካት ነው። ስልክ የሚያነበው በሲግናሉ ላይ የተጫነውን ኮድ ነው። የቅየሳ መቀበያ ግን ኮዱን የተሸከመውን ሞገድ ይለካል። የአንዱ ሞገድ ርዝመት 19 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። መቀበያው የሞገዱን አንድ መቶኛ ያህል መለየት ስለሚችል ሚሊ ሜትሮች ውስጥ ይገባል። ችግሩ ከሳተላይቱ እስከ መቀበያው ስንት ሙሉ ሞገድ እንዳለ አለመታወቁ ነው። ሳተላይቱ ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው ያለው። ቁጥሩን በስሌት ማግኘት ያስፈልጋል። ሲግናሉ ለአፍታ ከተቋረጠ ስሌቱ እንደገና ይጀመራል።

ሁለተኛው ማጣቀሻ ጣቢያ ነው። በማይንቀሳቀስ መሬት ላይ፣ ቦታው በትክክል በሚታወቅ ነጥብ ላይ ሌላ መቀበያ ይተከላል። የሳተላይቱ ሰዓት ቢሳሳት፣ ሲግናሉ በአየር ውስጥ ሲያልፍ ቢዘገይ፣ ስሕተቱ ሁለቱም መቀበያዎች ላይ እኩል ይደርሳል፤ የተራራቁት በአንድና በሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ነዋ። የአንዱ ልኬት ከሌላው ሲቀነስ ስሕተቱ ይጠፋል። የሚቀረው የድልድዩ እንቅስቃሴ ነው። ወደ ጎን በአንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይታመናል። ወደ ላይና ወደ ታች ሲሆን ስሕተቱ እጥፍ ይሆናል፤ ሳተላይቶቹ ሁሉ ከአድማስ በላይ እንጂ ከእግራችን በታች ስለማይታዩ ነው።

አሁን አንድ ከባድ መኪና ሲሻገር መረጃው ላይ ምን እንደሚታይ በቅርበት እንይ። በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው።

አንቴናው በድልድዩ መሃል ላይ ነው እንበል። መኪናው ከደቡብ በኩል ይመጣል። ገና ከማማው ወዲህ፣ በጎኑ ክፍል ላይ እያለ፣ መሃሉ ከፍ ይላል። አዎ፣ ከፍ ይላል። ሁለት ቦታ ላይ ተደግፎ የተሰቀለ የልብስ ገመድ አንዱ ጎኑ ሲጫን ሌላው እንደሚወጠረው ማለት ነው። በጎኑ ክፍል ላይ ያረፈው ሸክም ኬብሉን ወደ ራሱ ይስባል፤ መሃሉም ይነሣል። መኪናው ማማውን አልፎ ወደ መሃል ሲጠጋ መስመሩ ወደ ታች መታጠፍ ይጀምራል። መኪናው ልክ አንቴናው ሥር ሲደርስ ወለሉ ታች ይደርሳል። ለከባድ ጭነት የሚወርደው በአሥር ሴንቲ ሜትሮች የሚቆጠር ነው። ከዚያ መኪናው ሲርቅ ቀስ እያለ ይመለሳል። በሰሜኑ የጎን ክፍል ላይ ሲደርስ እንደገና ትንሽ ከፍ ብሎ በመጨረሻ ወደ ቦታው ይገባል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በመሃል ግራና ቀኝ ሁለት አንቴና ካለ መኪናው በየትኛው ጎን እንዳለፈ ይታወቃል፤ ያለፈበት ጎን ይበልጥ ስለሚወርድ ወለሉ ይጣመማል። ማማው ጫፍ ላይ ያለው አንቴና ደግሞ ማማው ወደ መሃሉ ዘንበል ብሎ ሲመለስ ያሳያል። መኪናው ከሄደ በኋላም ወለሉ ለጥቂት ጊዜ ላይ ታች ይላል። የፎርዝ አንድ ዙር ወደ 10 ሴኮንድ ይወስዳል። መቀበያው በሴኮንድ አሥር ጊዜ ስለሚለካ አንዱ ዙር መቶ ነጥብ ይኖረዋል። ያች የዙር ጊዜ የድልድዩ መታወቂያ ናት። ድልድዩ ከብዶ ወይም ላልቶ ከሆነ ትለወጣለች። ለዚህ ነው መሐንዲሶች የሚከታተሏት።

የ2005ቱ ሙከራ ያረጋገጠው ይሄንን ነው። ትራፊኩም፣ ነፋሱም፣ ሙቀቱም የሚያመጡት እንቅስቃሴ በጂፒኤስ ተለይቶ ይታያል። በኮምፒውተር ሞዴል የተሰላው በእውነተኛው ድልድይ ላይ ከታየው ጋር ሊነጻጸር ይችላል።

ከሙከራ ወደ ቋሚ ጥበቃ መሻገር ግን ቀላል አልነበረም። ሁለት የሚያስቸግሩ ነገሮችን ብቻ ላንሣ።

አንዱ ነጸብራቅ ነው። ሲግናሉ በቀጥታ አንቴናው ላይ ከመድረሱ ሌላ ከኬብሉ፣ ከማማው፣ ከሚያልፈው የጭነት መኪና ጎን እየነጠረ ይመጣል። የነጠረው ሲግናል ረጅም መንገድ ስለተጓዘ ልኬቱን ያጣምማል። ማጣቀሻ ጣቢያውም አይረዳም፤ እዚያ ኬብል የለማ። ማታለያው ደግሞ ቀስ ብሎ ላይ ታች ስለሚል የድልድዩን እንቅስቃሴ ይመስላል። መለያ ዘዴ ግን አለ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሰማዩ ላይ የሚያልፉበት መንገድ በየቀኑ ይደገማል፤ ከትናንቱ አራት ደቂቃ ያህል ቀድሞ። ስለዚህ ከማይንቀሳቀስ ነገር የሚመጣው ነጸብራቅም በየቀኑ አራት ደቂቃ እየቀደመ ይደገማል። ነፋስና ትራፊክ እንደዚህ ዓይነት ሰዓት አያከብሩም። ይህን የተረዳ ባለሙያ የትናንቱን ቅርጽ ከዛሬው ይቀንሳል።

ሌላው የሰማዩ ቅርጽ ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች የሚዞሩበት መስመር ከምድር ወገብ በ55 ዲግሪ ያዘነበለ ነው። ፎርዝ ያለው ደግሞ በሰሜን 56 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ እዚያ ቆሞ ወደ ሰሜን ለሚያይ ሰው ሰማዩ ላይ ሳተላይት የማያልፍበት ባዶ ቦታ አለ። ውጤቱም በሰሜንና ደቡብ አቅጣጫ ያለው ልኬት ከምሥራቅና ምዕራቡ ይደክማል። ድልድዩ ራሱ የተዘረጋው ከደቡብ ወደ ሰሜን ነው። ስለዚህ የጎን ነፋስ የሚያመጣው መወዛወዝ በጥሩ ሁኔታ ይለካል። በርዝመቱ አቅጣጫ የሚሆነው ግን በመጠኑ ይደበዝዛል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ስለ ስንጥቁ ስናወራ ትመጣለች። በኋላ የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮና የቻይናው ቤይዱ ሲጨመሩ ሰማዩ በሳተላይት ሞላ፤ ልኬቱም ተሻሻለ።

እግረ መንገዴን፣ እኛ አገር ቢሆን ችግሩ ሌላ ነው። ኢትዮጵያ ላይ ያ የሰሜን ባዶ ቦታ አናት ላይ አይመጣም፤ ሳተላይቶቹ በየአቅጣጫው ያልፋሉ። ነገር ግን የመግነጢሳዊው ወገብ የሚያልፈው በአገራችን ላይ ነው። ከፀሐይ ግባት በኋላ በላይኛው የከባቢ አየር ክፍል ውስጥ ሁከት ይፈጠርና ሲግናሉ ይርገበገባል፤ መቀበያው ሞገዱን መቁጠር ያቋርጣል። የስኮትላንዱን ዕቃ እንዳለ አምጥቶ አባይ ላይ መትከል እንደማይበቃ የሚያስብ ባለሙያ ያስፈልገናል።

ወደ ፎርዝ እንመለስ። ከ2013 ወዲህ የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ ጂኦኤስኤችኤም የተባለውን ፕሮጀክት መደገፍ ጀመረ፤ የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲም መራው። ዓላማው መቀበያዎቹን ለሙከራ አስሮ ከመፍታት ይልቅ በቋሚነት ተክሎ መረጃውን በቀጥታ ለድልድዩ ኃላፊዎች ማድረስ ነበር። መቀበያዎች በመሃልና በማማ ላይ ተተከሉ። የነፋስ መለኪያም አብሮ ገባ። እኔ በዚህ ፕሮጀክት ትልቅ ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነገር ነው። ነፋስ ሲበረታ ድልድዩን ማን ይዝጋው፣ መቼ ይዝጋው የሚለው ውሳኔ የሚሰጠው በነፋሱ ፍጥነት ነበር። አሁን ድልድዩ ራሱ በዚያ ነፋስ ምን እንደሆነ ማየት ተቻለ።

እንግዲህ ስንጥቁ የመጣው በዚህ መሃል ነው።

መንገዱን የሚሸከመው ወለል ከሥሩ ትረስ አለው፤ በብረት ዘንጎች የተያያዘ ትልቅ አጽም ማለት ነው። የትረሱ ጫፍ ማማው ጋ ሲደርስ በአጫጭር ቋሚ ብረቶች ከማማው ጋር ይያያዛል። ብረቶቹ ጫፋቸው ላይ ፒን አላቸው። ትረሱ በሙቀትና በትራፊክ ምክንያት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲሄድ ብረቱ በፒኑ ላይ እየዞረ አብሮ ዘንበል ቀና ማለት አለበት። አንደኛው ፒን ግን ተጣብቆ አልዞር አለ። ትረሱ መሄዱን አላቆመም። መዞር ያልቻለው ብረት መታጠፍ ጀመረ። በየቀኑ፣ በየመኪናው ትንሽ ትንሽ ይታጠፋል። ብረት እንደዚህ ሲደጋገምበት ይደክማል። በመጨረሻ ተሰነጠቀ።

አሁን ጥያቄውን መመለስ እንችላለን። መቀበያዎቹ የነበሩት መሃሉ ላይና ማማው ላይ ነው። መሃሉን ያንጠለጠለው ኬብሉ ነው፤ ማማው አጠገብ ያለች አንዲት አያያዥ ብረት ብትሰነጠቅ አምስት መቶ ሜትር ርቆ ያለው መሃል ከቦታው አይናወጥም። መኪና ሲያልፍ እንደ ድሮው ይወርዳል፤ እንደ ድሮውም ይመለሳል። የዙር ጊዜውም አይቀየርም። ለሳተላይቱ ድልድዩ ጤነኛ ነበር፤ እንደ አጠቃላይ አካል ሲታይም ውሸት አልነበረም። የታመመችው አንዲት ትንሽ መገጣጠሚያ ነበረች። አንቴና እዚያው ጫፉ ላይ ቢተከል እንኳ ፒኑ ተጣብቆ የሚጎድለው እንቅስቃሴ ጥቂት ነው፤ ያውም በድልድዩ ርዝመት አቅጣጫ፣ ቅድም ልኬቱ ይደበዝዛል ባልነው አቅጣጫ።

ከዚህ ተነሥተው ሳተላይቱ ዋጋ የለውም የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ብረቱን ያደከመው ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ነው። ትረሱ በቀን ስንት ጊዜ፣ ስንት ሴንቲ ሜትር ይሄዳል? በበጋ ስንት፣ በክረምት ስንት? ሎሪ ሲበዛስ? ይህን ለዓመታት ሳያቋርጥ ሊመዘግብ የሚችለው የሳተላይት ልኬት ነው። ይህ መዝገብ ካለ አንድ መሐንዲስ ቁጭ ብሎ የትኛው ፒን በዓመት ስንት መቶ ሺህ ጊዜ መዞር እንዳለበት ያሰላል። በጣም የሚሠራው ፒን የቱ እንደሆነ ካወቀ ቅባቱን የት እንደሚያይ፣ የመታጠፍ ጫናን የሚለካ ሴንሰር የት እንደሚለጥፍ ያውቃል። ሳተላይቱ እንቅስቃሴውን ይነግራል፤ እንቅስቃሴውን የሚሸከመው ብረት ምን ያህል እንደሚጨነቅ ግን እዚያው ብረቱ ላይ የተለጠፈ ሴንሰር ነው የሚናገረው። አንዱን ገዝቶ ሌላውን መተው ግማሽ ሥራ ነው። ደግሞ ሁለቱም ተገጥመው ሰው ከድልድዩ ሥር ባትሪ ይዞ መግባቱን ከተወ፣ እንደ ፎርዝ ያለ ስንጥቅ ሳይታይ ይከርማል።

በስኮትላንድ ክርክሩ ፖለቲካም ነበረበት። ከዓመታት በፊት አያያዥ ብረቶቹን የመቀየር ሐሳብ ቀርቦ በበጀት ምክንያት ተገፍቶ ነበር። ተቃዋሚዎች ይህን አንሥተው መንግሥትን ሞገቱ። የስኮትላንድ ፓርላማ ኮሚቴም ጉዳዩን መረመረ። በ2016 ያወጣው መደምደሚያ ይህች የተለየች ብልሽት አስቀድማ ልትገመት የምትችል አልነበረችም፣ መዝጋቱም ትክክል ነበር የሚል ነው። በመዝጋቱ እኔም እስማማለሁ። የድልድዩ ኃላፊዎች ስንጥቁ በታወቀ በቀናት ውስጥ ለ70 ሺህ ተሽከርካሪ በሩን ዘግተዋል። ያ ድፍረት ይጠይቃል።

ጥገናው በክረምቱ ነፋስና ዝናብ መሃል ሌትና ቀን ተሠራ። የተሰነጠቀው ብረት መጀመሪያ ተጨማሪ ብረት እየተገጠመለት ተጠናከረ። በተመሳሳይ ቦታ ያሉት ሌሎቹም ታዩ። ሴንሰሮች አያያዥ ብረቶቹ ላይ ተለጠፉ፤ ቀድሞ ያልነበረው ዓይን አሁን ተተከለ። ድልድዩ በዲሴምበር 23 ቀን ለቀላል ተሽከርካሪዎች ተከፈተ፤ ሰው ለገና ቤቱ ለመግባት ደረሰ። ለከባድ መኪኖች በሙሉ የተከፈተው ግን በፌብሩዋሪ 2016 ነው። እስከዚያ የጭነት መኪናዎቹ ወንዙን ሽቅብ ተከትለው በኪንካርዲን ድልድይ በኩል ይዞሩ ነበር።

ጂኦኤስኤችኤም ከዚያ በኋላም ቀጥሏል። መቀበያዎቹ በዙ፤ ሌሎች ዓይነት ሴንሰሮችም ተጨመሩ። ዘዴው ቻይና ውስጥ ባሉ ትልልቅ ድልድዮች ላይም ተሞክሯል። አጠገቡ እንዲሠራ የተወሰነው አዲሱ የኩዊንስፌሪ ድልድይ ደግሞ በኦገስት 2017 ለትራፊክ ሲከፈት ከአንድ ሺህ በላይ ሴንሰሮች አብረውት ተገንብተዋል፤ የሳተላይት መቀበያዎችም ከነዚያ መካከል ናቸው። በ1964ቱ ድልድይ ላይ በስተእርጅና የተለጠፈው፣ አዲሱ ላይ ከግንባታው ጋር ተሠርቷል። ይህ ብቻውን ትልቅ ትምህርት ተወስዷል ለማለት ይበቃኛል።

አሮጌው ድልድይ ዛሬ በአብዛኛው አውቶቡስ፣ ታክሲ፣ ብስክሌትና እግረኛ ነው የሚያስተናግደው። ሸክሙ ቀለለ። ይህ ለሚለኩት ሰዎች ጥሩ አጋጣሚ ነው። ቀን ከሌት የሚጎርፈው ትራፊክ ሲቀንስ መዝገቡ ላይ የሚቀረው ሙቀትና ነፋስ ነው። ድልድዩ ራሱ፣ ያለ መኪና ግርግር፣ ምን እንደሚመስል ይታያል። ያንን መነሻ አድርጎ በኋላ የሚመጣን ለውጥ መለየት ይቀላል።

ጡረታ ወጣ ማለት ግን አይደለም። በፌብሩዋሪ 2020 አዲሱ ድልድይ ላይ በረዶ ከኬብሎቹ እየወደቀ መኪና ስለመታ ለአንድ ቀን ተኩል ያህል ተዘጋ። ትራፊኩ ወደ አሮጌው ይዙር ሲባል አሮጌው የማስፋፊያ መጋጠሚያዎቹ እየተቀየሩ ስለነበር አልቻለም። ከዚያ ወዲህ በአስቸኳይ ጊዜ ትራፊኩን ወደ አሮጌው የማዞር ዕቅድ ወጥቷል። ስለዚህ ለወራት ቀላል ሸክም ተሸክሞ የቆየ ድልድይ አንድ ሌሊት ላይ የቀድሞ ሸክሙን በሙሉ ሊቀበል ይችላል። መሃሉ ላይ ያሉት አንቴናዎችና አያያዥ ብረቶቹ ላይ የተለጠፉት ሴንሰሮች በጣም የሚፈለጉት ያን ዕለት ነው፤ እስከዚያው መሥራታቸውን በየጊዜው የሚያረጋግጥ ሰው መመደብ አለበት።